ስብራት አይገጠምም

እና ጋሼ ገጠሟቸው፣ ዓይኔ እያየ ገጠሟቸው፣ ሁለቱን የዘንግ ስባሪ ከትሪው አንስተው፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ይዘው፣ ፊት ለፊት አድርገው ተጫኑት፣ ደግሞ አዞሩት፣ ትንሽ ወዲያ ትንሽ ወዲህ፣ እስኪገባ ድረስ፣ ድምፁ ሰው ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ የሚሰማው ዓይነት፣ ከዚያ ቀና ብለው ሣቁልኝ፣ ይኸው ልክ ነው አሉኝ፣ ገጠመ። ገጠመ አሉኝ! ጋሼ! መዳፋቸው ላይ የብረት ብናኝ አለ፣ እዚህ ሆኜ ሲያብረቀርቅ ይታየኛል፣ ከአፍታ በፊት ማስረጃ ነበር።

አልጮህም። ስልኩ ገና ጆሮዬ ላይ ነው፣ የግዢ ክፍሉ ሰውዬ ስለ ጓንት ይለፈልፋል፣ እሺ እደውላለሁ፣ እዘጋበታለሁ። እስቲ ለኔ ይስጡኝ ጋሼ፣ ድምፄ የኔ አይመስልም፣ ይሰጡኛል፣ ሁለቱንም፣ አክብረው፣ በሁለት እጃቸው። መጋዝ በር ላይ ቆሟል፣ አፉን ከፍቶ፣ ናሙና የሚቆርጥልን ቴክኒሻን ነው፣ መጋዝ ያልነው እኛ ነን፣ ስሙን ማን ያስታውሳል፣ ዓይኑ ከጋሼ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ ከግድግዳው ወደ ጋሼ። አትይ፣ አንተ ልጅ፣ ግድግዳውን አትይ።

ግድግዳው ላይ ወረቀት አለ፣ በጋሼ እጅ የተጻፈ፣ ጡረታ ሳይወጡ፣ ይህ ቤተ ሙከራ የሳቸው እያለ። ስብራት አይገጠምም። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ገቡ፣ እንደምን አደራችሁ እንኳ ሳይሉ ጠመኔ ቀጭ አደረጉ፣ ሁለቱን ቁራጭ መልሰው ገጠሙና አሹት፣ ዱቄቱ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ይህ ዱቄት፣ አሉ፣ ጠመኔው ለምን እንደተሰበረ ሊነግራችሁ ነበር፣ አሁን በሉ ጥረጉት። ወጌሻ አይደላችሁም፣ የተሰበረ መግጠም የወጌሻ ሥራ ነው፣ የናንተ ሥራ ዝም ብሎ ማየት ነው። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እኔ ዱቄቱን አየሁት፣ ያን ቀን ነው የተያዝኩት፣ አዲስ ቅይጥ ብረት ልፈጥር፣ ቀላል፣ የማይዝግ፣ ስሜ በመጽሔት ሊወጣ አስቤ የመጣሁት ሴትዮ፣ ይኸው ዕድሜዬን በሙሉ ስባሪ ሳይ፣ የተሰነጠቀ ቧንቧ፣ የተበጠሰ ብሎን፣ የተቀደደ ማሞቂያ ጋን። እናቴ ልጅሽ ምንድን ነው የምትሠራው ሲሏት፣ ሲሰበር ይጠሯታል ትላለች፣ ደህና እያለማ ማን ያስታውሳታል።

አሁን ሰውየው። ሰውየው እስር ቤት ነው፣ የክሬን ኦፕሬተር፣ የክሬኑ ገመድ የሚጠቀለልበት ዘንግ ለሁለት ተሰብሮ፣ ጭነቱ ወርዶ፣ ሥር የነበረ ግንበኛ ሞተ፣ ነፍሱን ይማር። ድርጅቱ ከልክ በላይ ጭኖ ነው ይላል፣ ሰውየው በልጆቼ እምላለሁ አልጫንኩም ይላል፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሌላ ምስክር የለም፣ ዘንጉ ብቻ፣ እሱም እኔ ጋ መጣ። ሚስቱ ትናንት ደጃፍ ጠብቃኝ፣ ክንዴን ያዘችኝ፣ እህቴ፣ ብረት ይናገራል አሉኝ፣ እውነት ነው? ይናገራል አልኳት። እንዴት ያለ አፍ ነው የሰጠኝ፣ ይናገራል፣ ሂጂ አረፍ በይ አልኳት፣ ሄደች።

ከልክ በላይ የተጫነ ብረት በአንድ ጊዜ ነው የሚሄደው፣ ስብራቱ ከዳር እስከ ዳር ሻካራ ነው፣ ትኩስ። የደከመ ብረት ግን፣ ድካም ነው የምንለው፣ የብረት ድካም፣ ከዳር ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ይጀምርና በየሥራው ቀን ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ መስመር በመስመር፣ የተቆረጠ ግንድ ላይ እንደሚታየው ክብ፣ የቀረችው ጤነኛ ብረት መሸከም እስኪያቅታት። እነዚያ መስመሮች ካሉ ሰውየው ቤቱ ይገባል። ሁሉም የሚነበበው መነሻው ላይ ነው፣ መነሻው ደግሞ ዳር ላይ ነው፣ ጋሼ አጥብቀው ያሹት ዳር።

ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባዋለሁ። ተልጧል፣ መነሻው ተልጧል፣ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፣ ወደ መሃል ሁለት ሦስት መስመር ቢጤ አለ፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ በዚህ ፍርድ ቤት ብቆም የድርጅቱ ጠበቃ ምሳው ያደርገኛል። ፎቶውስ? ፎቶ አላነሳሁም፣ ላነሳ ነበር፣ ካሜራው እየሞቀ ነበር፣ ጋሼ መጡ፣ እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ፣ ወንበር ሳብኩላቸው፣ ትሪውን ሳልከድን ስልክ አነሳሁ፣ ሌላ እንግዳ ቢሆን እከድነው ነበር፣ ከጋሼ ማን ይከድናል! ከጋሼ ስብራት መከደን ከቄስ መስቀል መደበቅ ነው።

አለቃ፣ ይለኛል መጋዝ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ሲወድቅ ተፋቀ ብንልስ፣ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ነው የወደቀው፣ ማን ይጠይቃል። ክፉ ሰው አይደለም፣ እዚህ ያስቀጠሩት ጋሼ ናቸው፣ ይሞትላቸዋል። ሲወድቅ ተፋቀ ካልኩ ምክንያቱ አልታወቀም ማለቴ ነው፣ ምክንያቱ አልታወቀም ለድርጅቱ በቂው ነው፣ ሰውየው እዚያው ይበሰብሳል፣ ሴትዮዋ ደግሞ ደጃፌ ትመጣለች። አይሆንም፣ እለዋለሁ፣ እጃቸውን ለጊዜው አታስታጥባቸው፣ ዝም ብለህ ሻይ ስጣቸው።

ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ከስኒው ላይ እንፋሎት ይነፋሉ። ምንም አልሆኑም። ይኸ ነው የሚያናድደኝ፣ ምንም አልሆኑም፣ ምን ነበር ዛሬ ቤትዎ ቢውሉ፣ ምን ነበር እግርዎ... እግዜር ይቅር ይበለኝ። ባለፈው ማይክሮስኮፑን ያ፣ ያ፣ ያ ማያው አሉት፣ አብሬ ሣቅሁ፣ ዕድሜ ነው አልኩ። ልጃቸው ደውላልኝ ነበር፣ አባዬ መንገድ ጠፍቶበት ጎረቤት መለሰው፣ ምን ይመስልሻል እህቴ፣ ስትለኝ፣ ሐሳብ ይዟቸው ነው አልኳት፣ ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው፣ አትጨነቂ። አንዱን ቀልድ ደግመው ሲነግሩኝ እንደ አዲስ ሣቅሁላቸው። አየሁ፣ ሁሉንም አየሁ፣ ፈራሁ እንጂ። አይ፣ ሰውን ከብረት ጋር አላመሳስልም፣ እሳቸው ራሳቸው ይጠሉታል፣ ብረት አያፍርም ይላሉ። ነገ ለልጃቸው እደውላለሁ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ።

ታናሹ! እንዴት ረሳሁት፣ ታናሹን ፈልጉ ይሉን ነበር፣ ብረት ሲደክም አንድ ቦታ ብቻ አይደክምም፣ ትልቁ ስንጥቅ ከተበላሸባችሁ ታናሽ ወንድሙን ፈልጉ፣ እንደ ቤተሰብ ነው የሚነግሩን፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ያልተወለደ። መጋዝ፣ ቀዩን ቀለም አምጣ! ዘንጉ ቀጠን በሚልበት ሌላ ቦታ ጎድጎድ ያለ ነገር አለው፣ ካለም እዚያ ነው። እንቀባዋለን፣ ስንጥቅ ካለ ቀለሙ ይገባል፣ እንጠርገዋለን፣ ነጩን ዱቄት እንነፋበታለን፣ እንጠብቃለን። ስንጥቅ ካለ ይደማል። ነጭ። አሁንም ነጭ። መጋዝ ይተነፍሳል፣ አትተንፍስበት፣ ነጭ፣ በቃ የለም፣ ምን ብዬ ነው ለሴትዮዋ፣ ቆይ። ቆይ ቆይ። ቀይ ክር፣ ከቅንድብ ፀጉር የምትቀጥን፣ ትረዝማለች፣ እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!

መጋዝ ዙሪያውን ይቆርጣል፣ ውኃው ይፈሳል፣ ቁራጩን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እንነክረዋለን፣ ይንተከተካል፣ ያጨሳል፣ እንዲህ ሲበርድ ብረት አይለመጥም፣ በአንድ ምት ስንጥቁ ላይ ይከፈታል። ምቱን እኔ ነኝ የምመታው። ቷ። ለሁለት ተከፈለ። ማንም ያላየው ፊት፣ ማንም ያልነካው፣ እስኪሞቅ እንታገሣለን።

አሉ። መስመሮቹ አሉ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ረጋ ብለው፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ወር፣ መነሻው ላይ ጠቁሯል፣ ዝጓል፣ ሰውየው ያን ቀን ጠዋት ወንበሩ ላይ ከመውጣቱ ብዙ ቀድሞ። ፎቶ አነሳለሁ፣ ደግሜ፣ ደግሜ። ታላቁ ላይ የቀሩት ሁለት ሦስት መስመሮችም አሁን አቅጣጫ አላቸው፣ ያው ታሪክ ነው።

ምን አየሽ?

ጋሼ ናቸው፣ ኋላዬ ቆመዋል፣ መቼ ተነሡ። ምን አሰብሽ አይሉም፣ አንድም ቀን ብለው አያውቁም፣ ምን አየሽ ነው። መስመሮች አየሁ ጋሼ፣ ከዳር ወደ መሃል። ዝገትስ? አለ፣ መነሻው ላይ። እ፣ ይላሉ፣ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ያስጠጋሉ፣ እጃቸው ማስተካከያውን ራሱ ያገኘዋል፣ በእጁ የሚያውቅ ሰው፣ ደክሟል፣ ይላሉ፣ ቆይቷል፣ ነጂው ምንም አላደረገም። ምንም አላደረገም ጋሼ። ቀና ይላሉ። ዓይናቸው ዓይኔ ውስጥ ነው፣ የድሮው ዓይን፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ያራቆተው ዓይን። ታዲያ፣ ይላሉ፣ ትልቁ ስብራት እያለላችሁ ለምን በትንሹ ሄዳችሁ?

መጋዝ ውኃውን ይዘጋል።

ተገጥሞ ነበር፣ እላለሁ። ተገጥሞ? እዚህ? ማን ነው የገጠመው? ፊታቸው ይቀላል፣ እዚህ ቤት ውስጥ ማን ነው ይህን የሚሠራ ደነዝ! መዳፋቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ብናኙ አሁንም ያብረቀርቃል፣ አያዩትም፣ እያዩት አያዩትም፣ እኔ እሆናለሁ፣ ከኔ ሌላ ማን ይሆናል፣ እኔ ነኝ ጋሼ።

አንቺ?

እኔ። እንዲህ አዝነውብኝ አያውቁም፣ ፈተና ወድቄ እንኳ፣ ተሳድቤ ከክፍል ወጥቼ እንኳ። ጻፊው፣ ይላሉ፣ እንዳትደብቂው፣ የደበቅሽ ቀን ሌላውም ቃልሽ አይታመንም፣ ያ ሰውዬ ያንቺ ቃል ላይ ነው ያለው፣ አሁኑኑ ጻፊው፣ እያየሁሽ።

እቀመጣለሁ፣ እጽፋለሁ። ዋናው ስብራት ፎቶ ሳይነሳ እዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተገጥሟል፣ መነሻው ተፍቋል፣ ናሙናውን ሳልከድን የተውኩት የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ በዚህ ምክንያት ሁለተኛው ስንጥቅ ተከፍቶ ታይቷል። ደግሜ አነበዋለሁ፣ ውሸት የለበትም፣ አንዲት ቃል እንኳ። ማን ገጠመው ብለው ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ፣ ሲጠይቁኝ፣ ፍርድ ቤት፣ ቆሜ። እሳቸው ከትከሻዬ በላይ ያነባሉ፣ ጣታቸው መስመሩን ይከተላል፣ እስከ ስሜ ድረስ፣ እዚያ ይቆማል። ደህና፣ ይላሉ። ከዚያ ፊታቸው ይለሰልሳል፣ ምን እንዳናደዳቸው እየረሱት ይሁን ወይ አሳዝኛቸው አላውቅም፣ እጃቸው ከጣረሞት እንደሚመልስ ሰው ትከሻዬን ይጨብጣል፣ አይዞሽ ልጄ፣ ይሉኛል፣ ሰው ነሽ፣ ሰው ይሳሳታል፣ እና ያን ጊዜ ነው የማለቅሰው።