ድምፅ የሌለው ቀዛፊ

ፊንባር ከወደቡ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ከፊቱ የታሰረችውን ጀልባ መቅዘፊያዎች አንገት በአሮጌ ጨርቅ ይጠቀልላል። እጁ ሥራውን ስለሚያውቀው ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኒውዮርክ ወንዝ ወንበዴዎች ጋር የመርከብ ጭነት ሲሰርቅ ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት ተለይቷቸዋል። ዛሬ ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ሚስተር ክዊል ሊፈትኑት ነው። ካለፈ መንገደኛ ያመላልሳል፤ ከወደቀ ከወንበዴዎቹ በቀር የሚቀበለው የለም።

«አደራ፣ እንዳታሳፍረኝ» አለችው ሽማግሌውን የለመነችለት እህቱ ሆኖራ። «ሰዓታቸውንም እንዳትነካ።»

«አይቼዋለሁ፤ አይሠራም።»

«አይተኸዋል!»

በጠራራ ፀሐይ ከአንድ መርከብ መንገደኛ ሊያመጡ ወጡ። ጀልባዋ ውኃውን ሳትቀሰቅስ ሄደች። ሚስተር ክዊል መጀመሪያ ላይ «እጅህ ቅቤ ነው» ብለው አሞገሱት። ኋላ ግን ጆሯቸው የለመደው ድምፅ ጠፍቶባቸው ግራ ገባቸው።

የመርከቡ ምግብ አብሳይ ድንች የታጠበበትን ውኃ ሊደፋ ጎንበስ ሲል፣ ከሥሩ ሁለት ሰዎች ከውኃ የበቀሉ ይመስል ጀልባ ላይ ተቀምጠው አየ።

«ሌባ! ሌባ!»

ባልዲው እንዳለ በሚስተር ክዊል ባርኔጣ ላይ ወረደ።

«ሌባ አትበለኝ፣ አንተ ልጣጭ!» ጮኹ ሽማግሌው። «ክዊል ነኝ!»

«የክዊል መቅዘፊያማ ሲጢጥታው ከወንዙ ማዶ ከብሩክሊን ይሰማል! እናንተ ከየት መጣችሁ?»

ሚስተር ክዊል ቀስ ብለው ወደ መቅዘፊያዎቹ ዞሩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ፊንባር አንገቱን ደፋ። «ጨርቅ ነው ጌታዬ። ድምፅ እንዳይሰማ... ልማድ ሆኖብኝ ነው።» አለቀልኝ አለ በልቡ።

ሽማግሌው ከባርኔጣቸው ላይ የድንች ልጣጭ አነሡ። «ሌባ ሁሉ እንዳንተ ቢቀዝፍ ፖሊስ ዳቦ አይበላም ነበር። የኔ መንገደኛ ግን ሻንጣውን የሚያነሣው መምጣቴን ሰምቶ ነው። ፍታው!»

ፊንባር አንዱን ፈትቶ ሳበው። ሲጢጥ! ደንግጦ ዙሪያውን ቃኘ።

«ማንም አይደለም፤ አንተው ነህ» አሉት ሚስተር ክዊል። ሳቅ ሲያፍናቸው ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። «ነገም ይህን ድምፅ ይዘህ በጠዋት ና።»

ፊንባር ሁለተኛውን ጨርቅ ፈታ። ባርኔጣቸውን ተቀብሎ በጨርቁ በደንብ ወለወለላቸው። ከዚያ ጨርቁን ጨምቆ፣ አጣጥፎ፣ ከመቀመጫው ሥር አስቀመጠው።