መቀሱ የማን ነበር?

"እህቴ፣ ከሦስተኛው ዘለሽ ወደ አምስተኛው ሄድሽብኝ እኮ! አራተኛው ምርጫ የታለ?" አለ ናስ ቀራጩ፣ የስም ዝርዝሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ።

"እየፈለግኩት ነው" አለችው።

ዋሽታ ነው። ፈልጋ ካገኘችው ግማሽ ሰዓት አልፏል። ጭንቋ ወረቀቱን ማጣቷ ሳይሆን ሁለት ማግኘቷ ነበር።

የክፍለ ከተማው ምክር ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ጠፋ የተባለ ሰነድ ሁሉ ከእጇ ስለማያመልጥ የቢሮው ሰው "ማኅደር" ይላታል፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው እያሉም ይቀልዱባታል። ምክር ቤቱ አዲሱ ሕንፃ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። መግቢያው ላይ ትልቅ የናስ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ከመጀመሪያው ምርጫ እስከ ስምንተኛው በየሰፈሩ በሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ስም ይቀረጽበታል። የስም ዝርዝሩን ከመዝገብ አውጥታ የምታስረክበው ማኅደር ናት። የሁሉም ሰፈር አልቆ የቀረው የአንድ ሰፈር ብቻ ነበር፤ እሱም ተወልዳ ያደገችበት።

እስከዚያ ጠዋት ድረስ ሥራውን ወዳው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አቧራ እየጠጣች የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን ስታነብ ብቻዋን ስትስቅ ነው የከረመችው። በመጀመሪያው ምርጫ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ተወዳዳሪዎቹ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆሙ፤ ሕዝቡ ከሚመርጠው ሰው ኋላ ተሰለፈ። አንዱ መራጭ፣ ሚስቱ ከማዶው ሰልፍ ዓይኗን ስታጉረጠርጥበት ሰልፍ በመቀየሩ ቆጠራው ተደገመ ይላል ቃለ ጉባኤው። በሁለተኛው ምርጫ ሰው በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ይጥል ነበር፤ ጠጠሩ ከመራጩ በአሥራ አንድ በለጠ። በሦስተኛው ዝናብ ጣለና ግማሹ ሰፈር ድምፁን የሰጠው ሥጋ ቤት ውስጥ ተጠልሎ ነው። ከአራተኛው ጀምሮ የታተመ ወረቀት መጣ። ማንበብ የማይችለው ብዙ ስለነበር ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም ጎን ሥዕል ተደረገ።

አሁን ሁለቱ የአራተኛው ምርጫ የውጤት ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ወረቀት አዋላጇ 318፣ ልብስ ሰፊው 311 ይላል። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው 315፣ አዋላጇ 314። ቀኑ አንድ፣ ማኅተሙ አንድ። ከሥር ያለውን ፊርማ ደግሞ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ውጤቷ ላይ አይታዋለች። የአጎቷ ፊርማ ነው፤ ከጎኑ "አስመራጭ" ይላል።

አጎቷ የእናቷ ወንድም፣ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ሰፈር ውስጥ በአጥር የተጣላ ጎረቤት ሁሉ "መምህር ይለካልን" ብሎ እሱ ጋ ይሄዳል፤ እሱ ከለካ በኋላ ክርክር የለም። ማኅደር ሁለቱን ወረቀቶች አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን ታያለች።

የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ብቅ አለ። "አልጨረስሽም? ቀራጩ ስምንት ሰዓት ላይ መጀመር አለበት።"

"አራተኛው ላይ ሁለት ውጤት አለ።"

"ምክር ቤት የገባው ማን ነው?"

"ልብስ ሰፊው።"

"ታዲያ ምን ያከራክራል? የምርጫ ዘመኑን ሙሉ ተቀምጦበታል። ቦኖ ውሃውን ያስገባው እሱ አይደል? ትናንት ልጁ ደውላ የአባቴ ስም መቼ ነው የሚሰቀለው እያለች ነበር።"

"ግን ሰሌዳው 'በሕዝብ የተመረጡ' ነው የሚለው።"

ኃላፊው አንገቱን አከከ። "አንቺ ደግሞ! የፈሰሰ ውሃ ልታፍሺ ነው? ሆድ ይፍጀው በይና ጻፊ" ብሎ ሄደ።

ልትጽፍ እስክሪብቶ አነሳች። የልብስ ሰፊውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፈችና ቆመች። ከዚያ ወረቀቶቹን ፖስታ ውስጥ ከትታ፣ ቀራጩን "ምሳ በልተህ ጠብቀኝ" ብላው ወጣች።

አጎቷ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ በማጉያ መነጽር ያነባል። ሲያያት ደነገጠ፤ በሥራ ቀን መጥታ አታውቅም።

"ምነው ልጄ? ሰላም አይደለሽም?"

"ሰላም ነኝ ጋሼ። እነዚህን ይዩልኝ ብዬ ነው።"

ወረቀቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋችለት። ማጉያውን ወደ ኪሱ ከተተ። ሳያነብ ነው ያወቃቸው። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጠፈና እንደገና ዘረጋው።

"ሁለቱም ተቀምጠዋል ለካ" አለ በመጨረሻ። "አንዱን አይጥ በልቶታል ብዬ ነበር።"

"ጋሼ፣ ማነው ያሸነፈው?"

"መቀስ።"

"ምን?"

"መቀስ አሸነፈ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። ፋኖስ ሦስት መቶ አሥራ አንድ። አምስቴ ቆጥሬዋለሁ፤ ቆጠራው ላይ ስህተት የለም።"

ማኅደር ከፊቱ ዱካ ላይ ተቀመጠች። አጎቷ ጉሮሮውን ጠርጎ ያወጋት ጀመር። ምልክቱ የተሰጠው በዕጣ ነበር፤ ከባርኔጣ ውስጥ። አዋላጇ እጇን ሰደደችና መቀስ አወጣች። ልብስ ሰፊው ፋኖስ ደረሰው። ያኔ ሁሉም ሳቀ። ልብስ ሰፊው "መቀሱ የእንጀራዬ ነው፣ እንቀያየር" ቢላት፣ አዋላጇ "እኔስ እትብት የምቆርጠው በጥርሴ ነው እንዴ?" ብላ እንቢ አለች። ሕጉም ዕጣ አይቀየርም ይል ነበር። እንዲሁ ታተመ።

"ታዲያ አዋላጇ አሸነፈቻ!" አለች ማኅደር።

"በሕጉ አዎ። የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው።"

"ሁለተኛውስ?"

አጎቷ ወደ መስኮቱ እያየ፣ "እኔ የምርጫ ጣቢያው በር ላይ ነበርኩ" አለ። "ሰው ይጋፋል፣ ፀሐዩ ይጠብሳል። አንዲት ባልቴት ወረቀቱን ይዛ መጣችና፣ 'መምህር፣ የልብስ ሰፊው የቱ ነው?' አለችኝ። እኔም ሳላስብ 'መቀስ ነዋ!' አልኳት።"

"ወይኔ ጋሼ።"

"ሌላዋም ጠየቀችኝ፤ እሷንም እንደዚያው። ከዚያ አንድ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ። ሦስቱን በደንብ አስታውሳለሁ፤ መልካቸው አሁንም ዓይኔ ላይ ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ነው ነገሩ የበራልኝ። ልዩነቱ ሰባት ነው። አስይው እንግዲህ።"

ማኅደር በጣቷ ጀመረች። ሦስት ሰው ከመቀስ ወደ ፋኖስ ቢሄድ፣ 315 ለ314። አዋላጇ። አራት ቢሆኑ፣ 314 ለ315። ልብስ ሰፊው።

"አራተኛ ሰው ነበር?"

"እሱን ነው የማላውቀው!" አለ። "አንዲት ሰማያዊ ጃንጥላ የያዘች ሴት ነበረች። ጠየቀችኝ መሰለኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት መሰለኝ። ወይም ሰላም እያልኳት ይሆናል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ጃንጥላ አስባለሁ። አራት ናቸው ብዬ ሁለተኛውን ወረቀት ጻፍኩ። ስጨርስ ደግሞ ሦስት ናቸው አልኩ። ሁለቱንም አሽጌ ላክኋቸው፤ ምክር ቤት ያሉት ከላይ የነበረውን ወሰዱ።"

"እርስዎን ሳይጠይቁ የተሳሳቱስ?"

"እነሱንማ ፈጣሪ ይቁጠራቸው።"

ማኅደር ግራ ገባት። ከቢሮ ስትወጣ አንዱ ወረቀት ውሸት፣ አንዱ እውነት መስሏት ነበር። አሁን ሁለቱም እውነት፣ ሁለቱም ውሸት ሆኑባት። ሕጉን ካለች አዋላጇ ናት። የመራጩን ልብ ካለች ማን ያውቃል። ልጅ ሆና፣ ከአንድ ምርጫ በኋላ አጎቷ ሦስት ቀን ምግብ እንቢ ማለቱ ትዝ አላት። ያኔ ሆዱን አሞታል ተብላ ነበር።

"አዋላጇ ምንም አላለችም?" አለችው።

አጎቷ ማጉያውን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው።

"ጋሼ?"

"በማግስቱ መጣች። 'መምህር፣ መቀስ አሸነፈ ሲሉ ሰማሁ። መቀስ የእኔ አልነበረም እንዴ?' አለችኝ።"

"ምን አሏት?"

"'የሰው ወሬ ነው፣ ያሸነፈው ፋኖስ ነው' አልኳት።" ጋዜጣውን እንደገና አጠፈው። "እሷም 'እሺ፣ እርስዎ ካሉ' አለችና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ተወዳድራ አታውቅም። ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ቆማ ነው ሰላም የምትለኝ።"

የማኅደር ስልክ ጮኸ። ቀራጩ ነው።

"እህቴ፣ ስምንት ሰዓት ሞላ! ኃላፊው የልብስ ሰፊውን ቅረጽ እያለኝ ነው። ናስ ላይ ካረፈ ደግሞ ላጲስ አይነካውም፤ ልጀምር ወይስ አልጀምር?"

አጎቷን አየችው። በአንድ ቀን አሥር ዓመት የጨመረ መሰላት። በአንድ ቃል ልታሳርፈው ትችላለች። "ጀምር" ማለት ብቻ ነው። የልብስ ሰፊው ልጅ ደስ ይላታል፣ ኃላፊው ደስ ይለዋል፣ አጎቷም እንደታፈረ እንደተከበረ ይኖራል። ስህተት ነው ብሎ የሚምልም የለም፤ የጃንጥላዋን ሴት ማን አምጥቶ ይጠይቃታል? ሦስት ይሁኑ አራት እሷም እስክትሞት ላታውቀው ነው። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዲት ሴት ደጁ ድረስ መጥታ በቅንነት ጠይቃው የሰማችው መልስ ውሸት ነበር።

"የእኛን ሰፈር ለነገ አቆየው" አለችው ቀራጩን። "የሌሎቹን ጀምር።"

"ኃላፊው ቢጮህብኝስ?"

"ማኅደር አዝዛኛለች በለው።"

ስልኩን ዘጋች። አጎቷ እያያት ነበር።

"ማንን ልትጽፊ ነው?"

"አላውቅም። ጋሼ፣ ጫማዎን ያድርጉ።"

"ወዴት ልንሄድ?"

"አዋላጇ ቤት።"

"ምን ልበላት? እኔ ራሴ ያላወቅኩትን?"

"ያወቁትን ይንገሯት፤ ያላወቁትንም አላወቅኩም ይበሏት።"

"በዚህ ዕድሜዬ ልጄ? ሰው ምን ይለኛል?"

በሕይወቷ አዝዛው አታውቅም። ውጪ ግቢ የሚላት እሱ ነበር። "በቃ ይቅር" እስክትለው ጠበቃት። እሷ ግን ተነስታ ከአልጋው ሥር ጫማዎቹን አወጣች፣ እግሩ ፊት አስቀመጠችለት፣ አጥልቆ እስኪጨርስም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።