ሚዜዎቹ የተከፋፈሉት ሞተር

ሰውአገኝ እሑድ ካላገባ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሠርግ የሚታሰበው ከፋሲካ ወዲያ ነው። ያስቸገረችው ሙሽራዋ ሳትሆን መኪናዋ ነበረች። የሙሽራዋ አባት አያ ዕንባቆም አይከል ላይ ለዓመታት የቆመች ባለ ስምንት ሲሊንደር አሮጌ ፒክአፕ ሰጥተውት፣ "በገዛ ሞተሯ እየነዳህ ካልመጣህ መቅደላዊትን አታገኛትም" ብለውታል። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ፒክአፗ ተጎትታ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ ያለው የእኔ ጋራዥ ገባች። ካምሻፍቷ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ፣ ተበልቷል። በአሮጌው ዓይነት ታፔቱ፣ ማለትም ዘንጉ ወደ ላይ የሚገፋው ትንሽ ብረት፣ ዘንጉ ላይ እየተፋተገ ይሠራል፤ በአዲሱ ግን ታፔቱ ሥር ትንሽ ሮለር ስላለች ይንከባለላል እንጂ አይፋቅም።

"ወደ ሮለር እንቀይረው" አልኩት። "ግን ዕቃውን በሙሉ ከአንድ ቦታ፣ አብሮ የሚሄደውን ግዛ።"

ሰውአገኝ ይህንን ለሚዜዎቹ ነገራቸው። እነሱም እንደ ሠርግ ስጦታ ተከፋፈሉት።

ዓርብ ጠዋት እያጨበጨቡ ገቡ። ወንዴ ካምሻፍቱን በሪባን አስሮታል። አለነ ሮለር ታፔቶቹን በከረሜላ ካርቶን ይዟል። ፋንታሁን ደግሞ ከታፔቱ በላይ ቆመው ግፊቱን ወደ ቫልቭ የሚያደርሱትን ቀጫጭን ዘንጎች፣ ፑሽሮዶቹን፣ አመጣ።

ካምሻፍቱና ታፔቱ ተስማሙ። ፑሽሮዱን ስለካ ግን ደሜ ፈላ።

"ፋንታሁን፣ ይህንን በምን ለካኸው?"

"ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ! የፀጉር ያህል ልዩነት የላቸውም።"

"ጥፋትህ እሱ ነው። ሮለር ታፔት ከአሮጌው ይረዝማል። ታፔቱ ከረዘመ ፑሽሮዱ ማጠር አለበት። ይህንን ብገጥመው ቫልቮቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ።"

"ታዲያ እንቁረጠዋ!" አለ ወንዴ።

"መጀመሪያ ያንተን ምላስ።"

ሰውአገኝ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። "መቅደላዊት ትገድለኛለች።"

ጎንደር ላሉት መለዋወጫ ቤቶች ሁሉ ደወልኩ። ከአዲስ አበባ ይታዘዝ፣ ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ ዓይኔ በር ላይ የቆመችው የፋንታሁን ፒክአፕ ላይ አረፈ። ፋብሪካውም ሞተሩም ያው ነው፤ እሷ ግን አዲስ ሞዴል ናት፣ ሮለር ሆና የተሠራች።

"ምነው እንዲህ አየሻት?" አለ ፋንታሁን።

"ቁልፉን አምጣ።"

"እስከዳር፣ እንዳትነኪያት! ሙሽራዋን የማጅበው በእሷ ነው!"

"ሚዜ ነህ ወይስ የመኪና ዘበኛ?"

ሁሉም ዞረው አዩት። ቁልፉን ወረወረልኝ። አንድ ፑሽሮድ አውጥቼ ሞከርኩት፤ ቫልቩ በልኩ ከፍቶ በልኩ ዘጋ። የቀሩትን ሳልጠይቀው ፈታኋቸው።

እሑድ አይከል ስንደርስ አያ ዕንባቆም ለሙሽራው ሰላምታ ሳይሰጡ ኮፈኑን አስከፈቱ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

"ሸጋ ናት" አሉ። ከዚያ፣ ከኋላ መጫኛው ላይ፣ ሙሉ ሱፉን እንደለበሰ አቧራ ጠጥቶ የተቀመጠውን ፋንታሁንን አዩ። "ይህንን ሰው ምነው እንደ በግ ጫናችሁት?"

"መኪናዬን ፈትታብኝ ነው፣ አያ" አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። "እስኪ ይጠይቁልኝ፣ መቼ ነው የምትገጥምልኝ?"

"ዕቃው ሲመጣ" አልኩ። "የማዝዘው ግን እኔ ራሴ ነኝ።"

"ከፋሲካ በፊት?"

ጥዬው ወደ ውስጥ አመራሁ። በማግስቱ ጾም ነው፤ ዳሱ ውስጥ ጥብሱ እየቀዘቀዘ ነበር።