መቶ አርባ ላይ የበቀለው ጫፍ

«እማዬ፣ እስቲ ወደ በሩ ሂጂ።»

እናት የምሳ ዕቃውን እንደያዘች ከወንበሩ ዘላ ተነሳች። «ምን ሆነ? ሊፈነዳ ነው?»

«ምንም አይፈነዳም። ዝም ብለሽ ሂጂ።»

ልጇ የምታጠናው የአቶምን አስኳል ነው። አስኳል ጉልበት ሲያገኝ ይነሳሳል፤ ሲረጋ ጋማ ጨረር ይተፋል፤ እያንዳንዱ ጨረር የሚታወቅበት የራሱ ቁጥር አለው። ይህን ለእናቷ መቶ ጊዜ አስረድታለች። እናት የያዘችው ግን «ጨረር» የምትለዋን ብቻ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ምሳ አመካኝታ ላቦራቶሪው ድረስ ትመጣለች፤ የልጇ ፀጉር አለመርገፉን በዓይኗ አይታ ትመለሳለች።

ዛሬ ልጅቱ ናሙና ልትቀይር የመለኪያውን ጨረር የሚከለክል የእርሳስ ክዳን ከፍታ ሳለ እናቷ ድንገት ገባች፤ ልጅቱም ቆጠራውን ማቆም ረሳች። አሁን ስክሪኑ ላይ፣ ሦስት ቀን በለፋችበት ልኬት ውስጥ፣ መቶ አርባ ከሚለው ቁጥር አጠገብ፣ ቅድም ያልነበረ ሹል ጫፍ ሽቅብ ይመዘዛል። እናት በሩ ጋ ስትደርስ ዕድገቱ ተንቀራፈፈ።

«ተመለሽ።»

ስትመለስ ጫፉ እንደገና ተመዘዘ።

«ወይኔ ጉዴ! ዕቃውን አበላሸሁት?»

ልጅቱ ቆጠራውን አቁማ ክዳኑን ዘጋች። ከዚያ የእናቷን እጅጌ ገለጥ አደረገችው። ክርኗ መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ምንድን ነው የወጉሽ?»

«ደም ቀድተውኝ ነው።»

«እማዬ! ይሄ ለምርመራ በደም ሥር የሚሰጥ ጨረር ያለው መድኃኒት ነው፤ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። በየስድስት ሰዓቱ ግማሽ ግማሹ እየረጋ ይሄዳል።»

እናት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ጡቴ ላይ ያለው እብጠት ወደ አጥንቴ አልፎ እንደሆነ ሊያዩ ነው። ነርሷ ሕፃን አትቀፊ አለችኝ እንጂ ይሄን መች ነገረችኝ? አንቺ ሕፃን ነሽ እንዴ?»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«መመረቂያ ጽሑፍሽን ጨርሺ ብዬ ነዋ! እንቅልፍ ላሳጣሽ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጨረር ይፈጅሻል ስትዪኝ ኖረሽ፣ ጭራሽ ራስሽ ተሸክመሽው መጣሽ!» ልጅቱ ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የሦስት ቀን ልፋትሽን ገደል ከተትኩት።»

«እንደገና እለካለሁ። ውጤቱ መቼ ነው?»

እናት ውጤቱን ልትቀበል እንደማትሄድ መንገድ ላይ ቆርጣ ነበር። ክፉ ወሬ እንደሆነ አስቀድሞ ልቧ ነግሯታል፤ እሷ ካልሰማችው ልጇ እስክትመረቅ የሚቆይላት መስሏታል።

«ይሄ ነገር ነገ ይጠፋል?» አለች ስክሪኑን እያየች።

«አንቺ ላይ ነገ ጥቂት ብቻ ነው የሚቀረው። እዚህ የተመዘገበው ግን አይጠፋም።»

እናት ቦርሳዋን ከፈተች። አራት ቦታ ያጠፈችውን የቀጠሮ ወረቀት አውጥታ በመዳፏ ዳመጠችው፤ ልጇ ፊት አኖረችው።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ውጤቱን አንቺ ታነቢዋለሽ፤ እኔ ፊትሽን አያለሁ።»