በእማዬ ወንበር ቁመት

«ይቺን ዊልቸር ለሆስፒታል እንስጣት» አለች አክስቷ፤ በሁለት እጇ የሻይ ትሪ ስለያዘች በአገጯ ነው ወደ ጥግ ያመለከተችው። «ቤቱን አጣበበችው። አንቺም ባየሻት ቁጥር ሆድሽ ይባባል።»

«ትቆይ» አለች ሚጢ።

«ምን ታደርግልሻለች?»

«ትቆይ አልኩሽ፣ አክስቴ።»

ወንበሯ ወንበር መሆኗም ጠፍቶ ነበር። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ኮቱን፣ ሻሹንና ቦርሳውን ከምሮባት ከመንኮራኩሮቿ በቀር የሚታይ ነገር አልቀራትም። ሚጢ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ቤተ ዘመዱም ጎረቤቱም ግን ዛሬም በሕፃንነት ስሟ ነው የሚጠራት። እናቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ በተውሶ ወንበር ተሞልቷል። ሰው ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጥቂት ይተክዛል፣ ይወጣል።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወጋሉ። በለቅሶ ቤት ግን ከሁሉ አጥርቶ የሚሰማው ዝቅ ያለው ድምፅ ነው።

«ምስኪን! ሥራ ስትሄድ እንኳ ትታት የምትሄድበት አጥታ እየገፋች ነበር የምትዞረው።»

«ስምንት ዓመት እኮ ነው! ኧረ ተዪኝ፤ ሁለቱንም ነው የገላገላቸው።»

ሚጢ ሰማች። ልትመልስ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ለእናቷ ቃል ገብታላት ነበር።

ሚጢ የሚሸጡና የሚከራዩ ቤቶችን በቪዲዮ እየቀረጸች ነው የምትኖረው። ሥራውን ስትጀምር ቪዲዮዎቿ የደላሎች መሳቂያ ነበሩ። ያን ጊዜ እናቷ እግሯ ከከዳት ገና ዓመት አልሆናትም። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት የስፌት መኪናዋን ሸጣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ስታይ ትውል ነበር። አንድ ቀን ሚጢ የቀረጸችውን ከፍታ አሳየቻት።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለች እናቷ።

«እንዴት?»

«ካሜራውን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ! ቁልፍ የጠፋበት ሰው ትመስያለሽ። ደግሞ ግድግዳው ለምን ተንጋደደ? ግንበኛው ጠጥቶ ነበር?»

ሚጢ ተቀየመች። ከሳምንት በኋላ ግን እናቷን የሚጠብቅላት ሰው አጣችና ወደ አንድ የሚከራይ ቤት ይዛት ሄደች። ወንበሩን በሁለት እጇ ስትገፋ ካሜራውን የምታስቀምጥበት ስላልነበራት፣ «እማዬ፣ እስቲ ያዢልኝ» ብላ እናቷ ጭን ላይ አኖረችው። ማጥፋቱን ረስታ ነበር።

ማታ የቀረጸችውን ስታይ የራሷን ሥራ ዘለለችና እዚያች የተረሳችው ቁራጭ ላይ ደርሳ ቆመች። ካሜራው ከበሩ ወደ ሳሎኑ ይገባል፤ አይዘልም፣ አይንቀጠቀጥም፣ ውሃ ላይ እንደተለቀቀ ቅጠል ይንሳፈፋል። ሰው ቆሞ ሲቀርጽ ጣሪያው ይገዝፋል ወይም ወለሉ ክፍሉን ይውጠዋል። እዚህ ግን ወለሉም ጣሪያውም እኩል ድርሻቸውን አግኝተው ክፍሉ ተመጣጥኖ ተቀምጧል። የበሩ ጠርዝ ቀጥ፣ የመጋረጃው ጠርዝ ቀጥ።

«ይሄንን ማነው የቀረጸው?» አለች እናቷ ከኋላዋ።

«አንቺ ነሻ!»

«ውሸታም!» ሳቀች። ከዚያ አንገቷን አስግጋ፣ «እስቲ መልሰሽ አሳዪኝ» አለች።

አምስት ጊዜ አዩት። በማግስቱ እናትዬዋ ከሴት ልጇ ቀድማ ለባብሳ በሩ ጋ ጠበቀቻት።

ሰባት ዓመት አብረው ሠሩ። ሚጢ ትገፋለች፣ እናቷ ካሜራውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ትቀርጻለች። ከማንም ያልተማረችውን ከጨርቅ ተምራ ነበር የመጣችው። «ቀሚስ ገዢ ፊት በአንዴ አይዘረገፍም፤ በቀስታ ነው የሚዘረጋው። መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ ሁኚ፣ ጥቂት ደብቂ፣ ከዚያ ግፊኝ።» ትላለች። «ሁለት ግድግዳ አሳዪ፤ ሦስተኛውን ለሚገዛው ሰው ተዪለት፣ መጥቶ ይየው።» ትላለች። ከመነሳታቸው በፊት አምስት ትቆጥራለች፣ ከቆሙ በኋላም አምስት ትቆጥራለች፤ «እንግዳ ሲገባም ሲወጣም በሩ ላይ ቆም ይላል» ብላ። ሚጢ ከቸኮለች ደግሞ መንኮራኩሩን በእጇ ጨብጣ ታቆመዋለች፣ «በግ እየነዳሽ ነው?» እያለች።

ከዚህ ሁሉ አንዱንም ለሰው መንገር አልፈቀደችም። «የታመመች እናቷን ሥራ አስገደደቻት ይሉሻል። ሰው ነው፣ ይላል። ቤቱ ይናገር፣ እኛ ዝም እንበል።» ደላሎቹ ሲመጡ ካሜራውን ለሚጢ ትሰጥና እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ምስኪን አሮጊት መስላ ትቀመጣለች። እነሱ ሲሄዱ በሳቅ ትፈርሳለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሥራ የሚያመጣላት ደላላ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ረጅም፣ ላብ የማይደርቅለት፣ ስልኩ እጁ ላይ የበቀለ የሚመስል ሰው ነው። አጎንብሶ አጽናና፣ ሻዩን በሁለት ጉንጭ ጨረሰና ወደ ሚጢ ተጠጋ።

«ላስቸግርሽ አልነበረም» ሲል አንሾካሾከ። «ያ አዲሱ ሕንፃ… ባለቤቱ ናሙናውን ዛሬ እፈልጋለሁ ብሏል። በሰማይ የምትበር ካሜራ ያለው ልጅ የራሱን አስገብቷል። የአንቺን ዛሬ ካላየ አሥራ ሁለቱንም ቤት ለእሱ ሊሰጠው ነው።»

ሚጢ ሕንፃውን ታውቀዋለች። እናቷ በሞተችበት ዋዜማ የአፓርታማውን ንድፍ በስልክ ላይ አስፍታ ስትመረምር አምሽታ፣ «ሳሎኑ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከሰዓት በኋላ ነው መሄድ ያለብን፣ እንዳትረሺ» ብላት ነበር የተኛችው። ጠዋት ልትቀሰቅሳት ስትገባ አልነቃችም።

«አልችልም» አለች ሚጢ።

«ኧረ ትችያለሽ! ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያኔ እሳቸውን እየገፋሽ እንኳ ያን የመሰለ ሥራ የሠራሽ፣ አሁን እጅሽ ነፃ ሲሆንማ ትበሪያለሽ።»

ሚጢ ብድግ አለች። ሰውየው ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። እሷ ግን አልፋው ሄዳ፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያልተከፈተውን ቴሌቪዥን ከፈተችና ስልኳን አገናኘችው።

«ኧረ በለቅሶ ቤት!» አለች አክስቷ።

«ዝም ብላችሁ እዩ።»

መጀመሪያ የብረት በር ታየ። ከዚያ ካሜራው በተንጠለጠለ የአበባ ማሰሮ ሥር ሾልኮ፣ በጠባብ መተላለፊያ ተንሳፎ፣ የፀሐይ ብርሃን የሞላው ኩሽና ውስጥ ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ሲጉረመረም የነበረው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ሁለተኛው ቤት መጣ፤ ሦስተኛው መጣ። አንድ ሽማግሌ ወደፊት አዘነበሉና፣ «እኔ ራሴ የገባሁ ነው የመሰለኝ፣ ጫማዬን ላውልቅ እንዴ?» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ራሱን አስደነገጠውና አፉን ያዘ። ሁለቱ ጎረቤቶች ወንበራቸውን ጎትተው ፊት ለፊት መጥተዋል።

«ያቺን ኩሽና መልሺልኝማ!»

«ኩሽናውን ትተሽ መስኮቱን አታዪም?»

«እነዚህን የቀረጸችው እማዬ ናት» አለች ሚጢ። «ሁሉንም። እኔ ወንበሩን ነው የገፋሁት።»

ደላላው ስልኩ ሲጠራ አላነሳውም። አክስቷ ትሪውን እንደያዘች ባገኘችው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«እህቴ? እህቴ ሥራ ትሄድ ነበር?»

«ሰባት ዓመት ሙሉ። በሞተችበት ዋዜማ እንኳ ‹የአዲሱ ሕንፃ ሳሎን ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፣ ፀሐይ ሳለ ከሰዓት በኋላ እንሂድ› ብላኝ ነው የተኛችው።»

«ስደውልላት ‹ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ› ትለኝ ነበር» አለች አክስቷ። «እኔ እኮ አእምሮዋ የተዛባ መስሎኝ… ስልኩን ዘግቼ አለቅስ ነበር! እሷ ለካ የእውነቷን ነው!»

ከዚያ ባልታሰበ ፍጥነት ተነሳች። ትሪውን ለአንዷ ጎረቤት አስታቀፈቻትና ጥግ ላይ ከተከመረው ላይ ኮት መወርወር ጀመረች። «የማነው? ይሄስ የማነው? አንሱ፣ አንሱ! አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይቱ እዚያ ሳሎን ውስጥ እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለች?»

«እስከ… አሥር ተኩል ቢሆን ነው፤ ከዚያ የጎኑ ሕንፃ ይጋርዳታል» አለ ደላላው።

«በሦስተኛ ቀኗ?» አለች አንደኛዋ ጎረቤት።

«ራሷ ሟቿ የያዘችው ቀጠሮ ነው!» አለች አክስቷ። «ሻዩን አንቺ አቅርቢ።»

ወንበሯን አጥፈው ታክሲ ላይ ጫኗት። ሊፍቱ አምስተኛ ፎቅ ሲያደርሳቸው አሥር ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ባዶ አፓርታማ ነው፤ ቀለም ቀለም ይሸታል። በኮሪደሩ መጨረሻ ሳሎኑ በቢጫ ብርሃን ተሞልቷል።

አክስቷ ካልተቀመጥኩ ብላ ተቀመጠች። ሚጢ ካሜራውን ሰጥታ መግፋት ጀመረች። ሦስት ሜትር ሳይሄዱ ካሜራው ወደ ወለሉ ዞረ።

«ሴራሚኩ እንዴት ያምራል!»

«አክስቴ፣ ድምፅሽ ይገባል!»

በሁለተኛው ሙከራ ያማራትን ሁሉ ልታሳይ ግራ ቀኝ ስትወዘወዝ ግድግዳው አብሯት ተወዛወዘ። በሦስተኛው አስነጠሳት። ደላላው በሩ ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። የብርሃኑ ጠርዝ ወለሉን አቋርጦ ግድግዳውን መውጣት ጀምሯል።

«ተነሺ» አለች ሚጢ። «አንቺ ግፊ፣ እኔ ልቀመጥ።»

በስምንት ዓመት ውስጥ በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። መቀመጫዋን ብትጠግን፣ ጎማዋን ብትነፋ፣ ስትገፋት ብትውል፣ መቀመጥ ግን አንድ ቀን አላሰበችውም። ተቀመጠች። ካሜራውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቀና አለች። ከኋላ ቆማ የእናቷን ራስና የኮሪደሩን ጣሪያ ነበር የምታየው። ከዚህ ላይ ግን ቤቱ ሌላ ቤት ነው። የበር እጀታው በዓይኗ ትክክል ነው። መስኮቱ ውስጥ ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ከተማ ነው። እናቷ መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር «ቁሚ» የምትላት ለማረፍ ይመስላት ነበር። አሁን ገባት፤ ከዚህች ቦታ የበሩ መቃን የሳሎኑን ግማሽ ይሸሽጋል፣ አንድ ስንዝር ሲጠጉ ደግሞ መስኮቱ ብቅ ይላል።

«አየሁት!» ብላ ጮኸች። «አክስቴ፣ አየሁት! እዚህ ጋ ነው!»

«ምኑን?»

«ግፊኝ! አይ፣ እንዲህ አይደለም፣ ጋሪ አይደለሁም!»

«ታዲያ እንዴት?»

ሚጢ አሰበች። አክስቷ አምስት ልጆች አሳድጋለች። «ጡት ጠብቶ ገና የተኛ ሕፃን እንዳለበት ጋሪ ግፊኝ። ከነቃ ሌሊቱን ሙሉ አትተኚም።»

«እሱንማ እችልበታለሁ» አለች አክስቷ።

ሚጢ አምስት ቆጠረች። በጣቷ ምልክት ሰጠች። መንኮራኩሮቹ ዞሩ፣ ግን መዞራቸው አልተሰማም። መቃኑ በዝግታ ወደ ጎን ሸሸ። መጀመሪያ ወለሉ ላይ የተኛው ብርሃን ብቻ፣ ቀጥሎ የመስኮቱ አንድ ጠርዝ፣ ቀጥሎ መስኮቱ ራሱ፣ ከዚያ ወዲያ ጣሪያዎቹና ሰማዩ። ቀጥ ያለው ሁሉ ቀጥ አለ። ሁለት ግድግዳ አሳየች፤ ሦስተኛው ሊገባ ሲል እጇን አነሳች። አክስቷ ቆመች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

ከዚያ ደላላው፣ «ኧረ በስመአብ!» አለና ማያውን ሊያይ እየሮጠ መጣ። አክስቷም ጎንበስ ብላ ተጋፋችው። «እኔ ነኝ የገፋሁት! አየህ? ንቅንቅ አላለም!»

ኩሽናውንና ሁለቱን መኝታ ቤቶች በአንድ በአንድ ሙከራ ጨረሱ። ሚጢ ቁራጮቹን እዚያው ስልኳ ላይ ቀጥላ ሰጠችውና ደላላው ለባለቤቱ ላከ። መስኮቱ ጋ ቆሞ ጠበቀ። ብርሃኑ ከግድግዳው አናት ላይ ጠፍቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። «እሺ… እሺ ጌታዬ… ቀሪዎቹን አሥራ አንዱንም? እነግራታለሁ!» ዘጋውና በደስታ አጨበጨበ፤ ለቅሶ ላይ መሆናቸው ትዝ ሲለው እጁን ኪሱ ከተተ። «ሊፍቱን ልያዝላችሁ» ብሎ ወጣ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አክስቷ ሻሿን አስተካክላ፣ «ተነሺ እንግዲህ፣ ሰው ይጠብቀናል» አለች።

ሚጢ አልተነሳችም። ካሜራውን ዘጋችና ጭኗ ላይ አኖረችው። ወለሉ ላይ የነበሩትን እግሮቿን አንድ በአንድ አንስታ የወንበሯ መርገጫ ላይ አሳረፈቻቸው።

«እስከ በሩ ድረስ ብቻ ግፊኝ» አለች።

አክስቷ ሄዳ ከኋላዋ ቆመችና እጀታዎቹን ያዘች።