ቀዩ ጽሑፍ

ሥራው ለሦስተኛ ጊዜ ቆመ። ከቦምቤ ጤና ጣቢያ የመጡት አሮጌ የሕመምተኛ ካርዶች ወደ ሆስፒታሉ ዳታቤዝ መግባት ሲጀምሩ ትሪገር የሚሉት የጥበቃ ፕሮግራም ይነሳና መንገድ ይዘጋባቸዋል። ትሪገሩን የጻፈው የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ኤልሳዕ ራሱ ነው፤ አንድ መድኃኒት ለማይስማማው ሰው ሲታዘዝ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ እምቢ ይላል። ዛሬ የሚሰጠውን መድኃኒት ድሮ ከተሰጠው ግን ስለማይለይ አሮጌዎቹን ካርዶችም ያግዳል።

"አጥፋው እንጂ!" አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ቸርነት ከጀርባው ቆመው። "ሲስተሙን የሚጎበኙት እንግዶች ከሐዋሳ ተነስተዋል። ምርጫ ደርሷል፣ በሥራ መታየት አለብን።"

"ለዚህ ሥራ ብቻ እንዲያልፍ አድርጌ ልጻፈው፤ ትንሽ ይታገሡኝ። ጭራሽ ካጠፋሁት ፋርማሲውም ያለ ጠባቂ ይቀራል። ካልሆነም ፋርማሲውን ለጊዜው እንዝጋው።"

"እንግዳ የተዘጋ ፋርማሲ ሊጎበኝ? አጥፋ አልኩህ!"

ኤልሳዕ አጠፋው። የሚያሳፍረው፣ ሲያጠፋው ቀለል አለው።

ፋርማሲው ውስጥ የነበረችው ፋርማሲስቷ ሳህሊቱ ጥበቃው መጥፋቱን አልሰማችም። ሶዶ ተወልዳ ሶዶ ብታድግም ወላይትኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ቀዩ ጽሑፍ ከመጣ ወዲህ አስተርጓሚ ፍለጋ ከመንከራተት ተገላግላ ሕመምተኛ መጠየቁን ትታዋለች። "አንቺ ምን አደከመሽ፣ እሱ ይጠይቅልሻል" ያላትም ኤልሳዕ ነበር።

ከሃላሌ የመጣችው ጥሩነሽ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ካርዷ ላይ ተመዝግቧል። ሳህሊቱ የታዘዘላትን፣ የፔኒሲሊን ዘር የሆነውን አሞክሳሲሊን አስገባች፤ ስክሪኑ ዝም አለ። ጥሩነሽ መድኃኒቱን እያገላበጠች በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቀች።

"በቀን ሦስት ጊዜ" አለቻት ሳህሊቱ፣ ሦስት ጣቷን እያሳየች።

ጥሩነሽ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ውሃ ቀድታ የመጀመሪያዋን ፍሬ ዋጠች። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጥሯት ወደቀች። ባሏ ተሸክሞ ድንገተኛ ክፍል አስገባት፤ አልተረፈችም።

"አብራው" አሉ አቶ ቸርነት በሩን ዘግተው። "ስማ፣ ሲስተሙ ይሠራ ነበር። የፋርማሲዋ ልጅ ናት ቀዩን እያየች ችላ ብላ የሰጠችው።"

"እኔ እኮ ነኝ ያጠፋሁት።"

"አዎ፣ አንተ ነህ። በገዛ እጅህ።" አቶ ቸርነት ትከሻውን ቸብ አደረጉት። ቸርነት ብሎ ስም ያወጣላቸው ሰው ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ።

ኤልሳዕ አበራው።

እንግዶቹ ገቡ። ኤልሳዕ ለሙከራ በተዘጋጀ ካርድ ላይ መድኃኒት ሲያዝ ቀዩ ጽሑፍ ብቅ አለ። ከግቢው የባልየው ጩኸት ይሰማ ነበርና አቶ ቸርነት መስኮቱን ዘጉት። ሳህሊቱ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ ዓይኗ ደም መስሎ ቀልቷል።

"ኤልሳዕ፣ ንገራቸው" አለች። "ቀይ አልመጣልኝም። ስክሪኑ ዝም ነው ያለው።"

መነጽር ያደረጉት የእንግዶቹ መሪ ወደ ኤልሳዕ ዞሩ። "ይሄ ነገር ጠፍቶ ያውቃል እንዴ?"

ሳህሊቱ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች። ኤልሳዕ ሊያያት ፈራ።

"አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም" አለ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ።