የቀባሪዎች ጎጆ

ጋሽ ጣሰው የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው። ቦንጋ ውስጥ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚያስተክሉት፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምትለዋን ተረታቸውንም ሰው እስኪሰለቸው ይሏታል። እንደ መምህር ሳሙኤል ያለ ሐዘንተኛ ግን ገጥሟቸው አያውቅም።

ሳሙኤል ከጎንደር መጥቶ እዚህ የሚያስተምር ቤተ እስራኤላዊ ነው። ዘመዶቹ እስራኤል ሲገቡ፣ አባቱ ለጉዞው አቅም ስላጡ አብሯቸው ቀረ። አሁን አባቱ እዚሁ ቦንጋ፣ እሱ ቤት ሞቱ። ሬሳውን በገዛ እጁ አጥቦ በነጭ አቡጀዴ ገነዘ፤ የአባቶቼ ወግ አይደለም ብሎ ሳጥን አስቀረ። ጋሽ ጣሰውም እንደ ልማዳቸው ጉድጓድ ወርደው፣ የሟችን እግር ተቀብለው፣ ከሳሙኤል ጋር አጋደሟቸው።

ጣጣው የመጣው ከቀብር መልስ ነው። ዕድርተኛው አቅፎት ሊያለቅስ ቢጠጋ፣ ሳሙኤል «እባካችሁ አትንኩኝ» ብሎ አፈገፈገ። ድንኳኑን ትቶ ጓሮ፣ በኮባ ቅጠል የከደናት ጎጆ ውስጥ ገባ። ሰው ተቀየመ። የጋሽ ጣሰው ባለቤት እትዬ በዛወርቅ ተጸይፎን ነው ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

የጋሽ ጣሰው ልብ ግን አላርፍ አለ። ሐዘንተኛ ብቻውን ሲቀመጥ ማየት ያማቸዋል። በማግስቱ በዝናብ ሄደው ከጎጆዋ ደጃፍ ቆሙና ምን አስቀየምንህ ብለው ጠየቁት።

ሳሙኤልም ነገሩን አስረዳቸው። በአባቶቹ ሕግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፤ እሱን የነካም ይረክሳል። የሸሻቸው ንቋቸው ሳይሆን አስቦላቸው ነበር። በአገሩ ቀባሪዎቹ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ።

«እዚህ ግን ጋሼ፣ ከእኔ ሌላ የለም» አለ።

ጋሽ ጣሰው እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«የአባትህን እግር ማን ያዘ?»

«እርስዎ። ግን ሕጉ የእኛ ነው፤ እርስዎን አያስርም።»

«መቅበሩን መቼ ለአንተ ብቻ ተውኩና ይኼን ልተወው?»

ጎንበስ ብለው ገቡና አጠገቡ ተቀመጡ። ሳሙኤል ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሲጠጋው ሳይሸሽ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው። ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እትዬ በዛወርቅ ባላቸውን ፍለጋ መጥተው እጃቸውን ሊይዙ ቢሉ፣ ጋሽ ጣሰው አትንኪኝ አሉና ምክንያቱን ነገሯቸው። ሴትዮዋ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ቆጮና ጎመን ለሁለት ሰው አምጥተው ደጃፉ ላይ አስቀመጡ፤ ዕድርተኛውን ጠርተውም ድንኳኑን አስነቅለው ከጎጆዋ ፊት ለፊት አስተከሉት።